እንሶስላ ለእንግሊዝ፣ ዘንባባ ለአዲስ አበባ?

እንግሊዝ አገር እንሶስላ የጓሮ ጌጥ ነው። አዎ፣ እናቶች ሥሩን ቀጥቅጠው የሚሞቁት እንሶስላ! እነሱ የወደዱት ለነጭና መዓዛማ አበባው ነው። ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሥሩን ሸፍነው ያቆዩታል፤ ሲሞቅ መልሶ ያቆጠቁጣል።

አዲስ አበባስ? በስንቱ አደባባይ እንሶስላ ታየ? በየመንገዱ ዓይን የሚገባው ዘንባባና ምንጣፍ የመሰለ ሣር ነው።

ጉዳዩ የምርጫ ብቻ አይደለም። ዘንባባ ቁመቱ ያምራል፤ በበጋ ፀሐይ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ግን የረባ ጥላ የለውም። ሣሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ውሃ ይለምናል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባት ከተማ ለሣር በቦቴ ውሃ ማመላለስ ምን ይባላል?

«አገር በቀል ዛፍ ለጌጥ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ይህ አለማወቅ ነው። ለሐምራዊ አበባው የሚወደደው ጃካራንዳ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ብርብራም ሐምራዊ ያብባል፤ በተፈጥሮ የሚበቅለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ዋንዛ በነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ሰፊ ጥላም ይጥላል። የኮሶ ቀላ ያለ ዘለላ ከቅርንጫፉ ቁልቁል ይንዠረገጋል። ለአጥር ቀጋ አለ፤ አበባው ይሸታል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁ ሌባ ይመልሳል። በግድግዳ ላይ ለሚሳብ ጠምበለል አለ።

«ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት» ይባላል። ለጥድና ለወይራ እውነት ነው። ግን ዛፍ ለምረቃ ቀን አይተከልም፤ ለልጅ ልጅ ነው።

ይህ ማለት የውጭ ዛፍ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ ከተማዋን ከማገዶና ከግንባታ እንጨት ችግር አውጥቷል። ያኔ ችግር ነበር፣ ዛፉም መልስ ሆነ። የአሁኑ ዘንባባ የየትኛው ችግር መልስ ነው?

አገር በቀል ስለሆነ ብቻም የትም አይተከልም። ኮሶን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ተክሎ ነገ አናቱን መቁረጥ ዛፉንም ገንዘቡንም መበደል ነው። ከሽቦ ሥር ቀጋ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ዋንዛና ዝግባ፣ ከጥላ ሥር እርጥበት ባለበት እንሶስላ። ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም፤ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።

እንግዲህ በሕዝብ ገንዘብ ችግኝ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጻፍ፦ ከሚተከለው አብዛኛው አገር በቀል ይሁን፤ የት ምን እንደሚተከል የሚወስነውም ባለሙያ ይሁን። ግቢ ያለው ሰውም ችግኝ ጣቢያ ሲሄድ «ብርብራ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ገዢ ያልጠየቀውን ችግኝ የሚያፈላ ነጋዴ የለም።