ኬላ ለተዘጋበት ነጋዴ የግብር ቅናሽ ምን ይረዳዋል?

ኮሮና የገባ ሰሞን ከሞያሌ ወዲህም ሆነ ወዲያ መንግሥታት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኬንያ በ2012 ዓ.ም. ቫትን ከ16 ወደ 14 በመቶ አወረደች። ፓርላማዋ ባጸደቀው የታክስ ማሻሻያም የተርንኦቨር ታክስ ከ3 ወደ 1 በመቶ ተቀነሰ፤ በወር እስከ 24,000 ሽልንግ የሚያገኙ ደመወዝተኞችም ከገቢ ግብር ነጻ ሆኑ። ኢትዮጵያም የቆየ የግብር ውዝፍ ሰረዘች፤ ሥራ ቆሞባቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሠራተኛ ገቢ ግብር አነሳችላቸው።

ይህ ተገቢ ነበር፣ አንቃወምም። ጥያቄያችን ለእኛ የደረሰን ምንድን ነው የሚል ነው።

የግብር ቅናሽ የሚጠቅመው ሽያጭ ላለው ሰው ነው። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የየብስ ድንበሯን ለሰው ስትዘጋ አስፈላጊ ጭነት የያዘ መኪና ግን ያልፍ ነበር። የትልቁ አስመጪ ሥራ ቢቀዛቀዝም አልቆመም። ዕቃዋን ተሸክማ ወይም በጋሪ አስጭና የምትሻገር ነጋዴ ግን ራሷ ካላለፈች ዕቃዋም አያልፍም። የኬንያው የተርንኦቨር ታክስም ቢሆን የሚመለከተው ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ሽልንግ የሚበልጠውን ነው። ከዚያ በታች ላለነው የተቀነሰልን የማይመለከተን ግብር ነው።

በአንጻሩ የኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይ እንዳይባረርና ኪራይ እንዳይጨመር ሲከለክል የማንንም ቲን ቁጥር አልጠየቀም። ስለዚህ ጉልት የምትቸረችረውንም ይመለከት ነበር። ከዚያ ውጭ ያቆየን እቁባችንና የደንበኞቻችን ዱቤ ነው።

እንግዲህ ሕግ አውጪዎቻችን በደህናው ቀን ሁለት ነገር ይጻፉልን። አንደኛ፣ ድንበር ለሰው ሲዘጋ ትናንሽ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በማኅበር አሰባስበው በአንድ መኪና እንዲያሻግሩ ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ የችግር ጊዜ ብድር በግብር መዝገብ ብቻ ሳይሆን በነጋዴ ማኅበራት በኩልም ይሰጥ።

የእኛም ድርሻ አለ። ማኅበራችንን እናስመዝግብ፤ የዕለት ሽያጫችንን በደብተር እንያዝ። ስማችንና ሥራችን በማይታወቅበት መሥሪያ ቤት ድጎማ ብንጠይቅ የሚሰማን የለም። ኬላው ከተዘጋ በኋላ መደራጀት ደግሞ ረፍዷል።