«ፊልሙ ነው ያበላሻት» ለሚሉት

ባለፈው ዕረፍት ደብረ ወርቅ ገብተን በሰነበትንበት ሰሞን ከአንድ የጽዋ ማኅበር ደጃፍ አንድ ፍርድ ሰማን። ፍርዱ አጭር ነው፤ «ፊልሙ ነው ያበላሻት» ይላል። የተፈረደባት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሟን አንጽፍም፤ ከኛ ያንዳችን ጎረቤት ናት ማለት ይበቃል። ሽማግሌ ተላከባት፤ አባት «እናስብበት» አለ፤ እሷ ግን ማሰብ ሳያስፈልጋት «ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም» አለች። እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅምና ከየት መጣ ተብሎ ተፈለገ። ተፈልጎም ተገኘ፦ ከኮሪያ መጣ! ማታ ማታ በፍላሽ እየገባ በሚታየው የፍቅር ፊልም የተላለፈ በሽታ ነው ተባለ።

እኛ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ እንላለን። ይግባኝ የምንለውም ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፍርዱ ሐሰት ነው። ሁለተኛ፣ ሐሰቱ ጥቅም አለው፤ ተጠቃሚዋ ግን ልጅቱ አይደለችም። በሽታው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ከተባለ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሕመም የሚመረምር አይኖርም።

ክርክሩ ራሱ አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተካ በሳተላይት ማሠራጨት ሲጀምር፣ «ጥቁር ፍቅር» የተባለው የቱርክ ድራማ ዲሽ ባለበት ቤት ሁሉ ገባ። ያን ጊዜ የአገራችን የፊልምና የቴአትር ሰዎች ተነሡ። ባህል ይበርዛል አሉ፤ እንጀራችንንም ይወስዳል አሉ። ሁለተኛውን አቤቱታ እናከብራለን። ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መተካት፣ ከደራሲው እስከ መብራት ያዡ ደመወዝ ከፍሎ አዲስ ከመሥራት ይረክሳል። ይህ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ በሂሳብ ቢከራከሩ ኖሮ አብረናቸው እንቆም ነበር። እነሱ ግን የእንጀራውን ነገር ከኋላ አስከትለው ባህልን ከፊት አሰለፉ። ታዲያ እኛም እንጠይቃለን፦ ባህል ስትሉ የማንን ባህል ነው?

ኮሪያ ደግሞ ለዚህ አገር ባዕድ ስም አይደለም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 የሚበልጡ የቃኘው ወታደሮች ዘምተውባታል። ደማችንን ወደዚያ ስንልክ «ባህል ይበርዛል» ያለ ሽማግሌ ስለመኖሩ አልሰማንም። የእነሱ እንባ በፍላሽ ወደኛ ሲመጣ ነው ባህል ትዝ ያለን።

አሁን ወደ ጎጃም እንምለስ። ከደብረ ወርቅ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ዲማ እንሂድ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ስለ ምንድን ነው? በዘሩ የሚመካ ፊታውራሪ አለ፤ ለልጁ የሚመጥን አጥንት አጥቶ ዕድሜዋን በቤት የሚያስቆጥር። ከድኻ ገበሬ የተወለደ፣ በወላጆቹ ስእለት የታሰረ ተማሪ አለ፤ ሊያስተምራት ገብቶ የሚወዳት። እውነቱን ስለተናገረ እብድ የተባለ ጉዱ ካሣ አለ። ልጅቱስ? ቁጭ ብላ አለቀሰች? የለም! መነኩሴ መስላ ቤቷን ጥላ ወጣች። ሰብለ ወንጌል ያን መንገድ ስትጀምር የትኛውን የኮሪያ ፊልም አይታ ነበር? የትኛው ፍላሽ ነው ያበላሻት?

ይህን የጻፈው ከሴኡል የመጣ ሰው ሳይሆን ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወልዶ ያደገ የጎጃም ልጅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ ሲተርከው አገር ያለቀሰበት ታሪክ ነው። በኮሪያው ድራማ የኩባንያ ባለቤት የሆነችው እናት፣ ልጇን የወደደችውን ድኻ ጠርታ፣ ገንዘብ የታጨቀበት ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ገፋ አድርጋ «ልጄን ተይው» የምትልበት ቦታ አለ። ይህን ያየች የኛ ያንዳችን አያት፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «ይቺስ ፊታውራሪ መሸሻን ነው የምትመስል!» የሬድዮው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። ዶክተር የሆነ ሐያሲ በሃያ ገጽ የማይለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አለችው።

እዚህ ላይ በራሳችን በተማሪዎች ላይ አንድ ክስ እናቀርባለን። ተራማጅ ነን ባዮች ነን፤ ሰፊው ሕዝብ እንላለን፤ ግን እናቶቻችን በዚህ ፊልም ሲያለቅሱ እንስቃለን። «የሴት ለቅሶ» እንለዋለን። ዶርም ውስጥ ተጋድመን የሆሊውዱን እያየን «የኮሪያው አይንቀሳቀስም፤ አሥር ክፍል አልፎ እጇን ገና አልነካም» እንላለን። እስኪ ያልገባን ነገር ምን እንደሆነ እናጢን።

በዚያ ፊልም ወጣቱ ልጅቱን «እወድሻለሁ» ከማለቱ በፊት «ምሳሽን በላሽ?» ይላታል። ሥጋውን ከራሱ ሳህን አንስቶ ሩዟ ላይ ያኖርላታል። በሆሊውድ ዓይን ለሚያየው ይህ ምንም አይደለም። «እህል ቀመስሽ?» በሚባልበት ቤት ላደገ፣ ጉርሻ ምን እንደሚናገር ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ወርቁን በሰም ሸፍኖ መናገር ለማን ይጠፋዋል? እናቶቻችን ትዕግሥት ስላላቸው ሳይሆን ቋንቋው ስለገባቸው ነው አሥሩን ክፍል የሚጠብቁት።

የቋንቋውን ነገር ካነሣን አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ የአክብሮት አነጋገር አለው፤ ለታላቅ የሚነገረውና ለእኩያ የሚነገረው ይለያል። በፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ወጣቶች ከአክብሮቱ ወደ እኩዮች አነጋገር የሚሻገሩባት ሰዓት ትልቅ ሰዓት ናት። በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ነዋ ያለው! አማርኛው ትርጉም ግን፣ ተራኪው ካወቀበት፣ ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ይሻገራል። ባሏን አንቱ ስትል ዕድሜዋን የጨረሰች አያት፣ አንዲት ወጣት ወዳጇን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ስትለው ስትሰማ ምን ይሰማታል? ይህን ጠይቀናት አናውቅም። እኛ የምናውቀው መሳቅ ነው።

«እስያውያን እንዲህ ናቸው፣ እኛ እንዲህ ነን» የሚለውም ልማድ ውሸት ነው። እስያ አንድ ተመልካች አይደለችም። የጃፓኗ ዮኮ ካሚዮ ስለ አንዲት ድኻ ተማሪና ስለ አራት የሀብታም ልጆች የጻፈችውን የሥዕል ታሪክ ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጃፓን በ2005፣ ኮሪያ በ2009፣ ቻይና በ2018 በየራሳቸው ልክ ሰፍተው ድራማ አድርገውታል። ታሪኩ አንድ ነው፤ ሁሉም ግን እንደገና ሠራው፤ የጎረቤቱ ልብስ አልበቃውምና። የታይዋኑ በ2002 በቻይና ሲታገድ የተሰጠው ምክንያት ምን ነበር? ወጣቱን ያበላሻል! የኛ የጽዋ ማኅበር ሽማግሌና የቤጂንግ ሹም ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ተናገሩ። «ዊንተር ሶናታ» የተባለው የኮሪያ ድራማ ጃፓን ሲገባ ደግሞ እብድ ሆነው የተከተሉት በአብዛኛው ልጆች ያሳደጉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ተዋናዩን ለመቀበል በሺህ እየሆኑ አውሮፕላን ጣቢያ ሲወጡ የሳቀባቸው ብዙ ነበር። ለምን እንዳለቀሱ ለመጠየቅ የደከመው ግን ከሳቀው ያንሳል።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ላይ ነው? የአገርና የአገር ነው እንዳንል፣ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ፊልም አብረን አይተን የታዘብነውን እንናገር። ወጣቱ ተቆጥቶ የልጅቱን ክንድ ጨምድዶ ከሰው መሀል ጎትቶ ያወጣታል። በኮሪያ ፊልም ይህ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር ነው፤ በዚያው በአገሩም የሚነቅፉት አሉ። እኛ ቤት ወንዶቹ ልጆች አጨበጨቡ፤ «ይኸ ነው ወንድ!» አሉ። እናት «ምን ያህል ቢወዳት ነው» አለች። አያት ግን ዝም ብላ ቆይታ፣ «እኔንም እንዲሁ ነው የጎተቱኝ» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። የዚያን ቀን ፊልሙን የጨረሰ የለም።

ያ ቤት ሦስት ፊልም ነበር ያየው። ልዩነቱ በሴኡልና በደብረ ወርቅ መካከል አልነበረም፤ በጎታችና በተጎታች፣ በዳሪና በተዳሪ መካከል ነበር። ጠለፋም ባህል ተብሎ ኖሯል። ያንን «ባህል» በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለው ፊልሙ ለዓለም ያሳየው ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ፣ በኋላ ቃናን ካቋቋሙት አንዱ ነው። ስለዚህ የአገር ፊልም ባህል ጠባቂ፣ የውጭ ፊልም ባህል አፍራሽ ነው የሚለው ክፍፍል በአንድ ሰው ታሪክ እንኳ ይፈርሳል።

አሁን ደግሞ ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን እናድርግ፤ የኮሪያ ጠበቆች አይደለንምና። እነዚህ ፊልሞች የሚዋሹት ትልቅ ውሸት አለ። ውሸቱ መሳሳሙ ወይም አለባበሱ አይደለም። ድኻዋን ከድኽነት የሚያወጣት ሁልጊዜ የባለ ፋብሪካው ልጅ መሆኑ ነው። የከበርቴው ልብ ይለሰልሳል፤ ፋብሪካው ግን ባለበት ይቀራል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ውሸት አልዋሹም። ወዳጆቹን መቃብር ውስጥ ነው ያገናኟቸው፤ የፊውዳሉ ሥርዓት እያለ የሚገናኙበት ሌላ ቦታ እንደሌለ ያውቁ ነበር። ከኮሪያው ፊልም ጋር ልንጣላበት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። የሚነቅፉት ሽማግሎች ግን በዚህ አልተጣሉትም። ባለጠጋ አማች ማንን ያስከፋል?

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ልጅቱን አነጋገርናት። ፊልሙን ታያለች፤ አልካደችም። ግን «አላገባም» ያለችው ከፊልሙ የተነሣ እንዳልሆነ ነገረችን። ከሷ በፊት ታላቅ እኅቷ ከስምንተኛ ክፍል ተነሥታ ተዳረች፤ በሁለት ዓመቷ ልጅ አዝላ ተመለሰች፤ አሁን እናቷ ጓዳ ናት። «እኔ ያየሁት እሷን ነው» አለችን። ይኸው ነው። ደብረ ወርቅ ውስጥ፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ ያለ መብራትና ያለ ፍላሽ በየቀኑ የሚታይ ፊልም። ይህን ፊልም ማን ያግድላት?

ሕጉን የማያውቅ ካለ እንንገረው። ከ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ከ1995 ዓ.ም. ደግሞ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ይላሉ። ልጅቱ 18 አልሞላትም። ማን ነው ታዲያ የተበላሸው? ሕጉን የጠበቀችው ተማሪ ወይስ ሕጉን በባህል ስም የሚሻገረው ሽማግሌ?

ጓዶች፣ እኛ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ በሚመጣው ዕረፍት አገራችን ስንገባ እናቶቻችን አጠገብ ቁጭ ብለን ያንን ፊልም አብረን እንይ፤ ሳንስቅ፤ ቡናው እስኪያበቃ፤ የሚሉትንም እንስማ። ሁለተኛ፣ የምንጽፍ እንጻፍ። ሰው የሌላውን ፍቅር የሚያየው የራሱን የሚነግረው ሲያጣ ነው። የዛሬዋን የአሥረኛ ክፍል ሰብለ ወንጌልን ማን ጻፋት? የአገራችን ፊልም ሠሪዎችም ቁጣቸውን ወደ ብዕራቸው ቢያዞሩት ተመልካች አያጡም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሽማግሌዎቹ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንመለሳለን ብለው ሄደዋል። ያን ዕለት በዚያ ቤት ልጅቱ ብቻዋን መቆም የለባትም። ከኛ ለትንሣኤ የሚገባ ሁሉ፣ ቄሱን የሚያውቅ ቄሱን፣ መምህሩን የሚያውቅ መምህሩን፣ አባቷን የሚያውቅ አባቷን ያነጋግር። ሽማግሌ መላክ እነሱ ብቻ የሚያውቁበት ነገር አይደለም፤ እኛም መላክ እንችላለን፤ ትምህርቷን ትጨርስ ብሎ የሚለምን ሽማግሌ።

«ፊልሙ ነው ያበላሻት» ለሚሉትም የመጨረሻ ቃላችን ይህ ነው። አልተበላሸችም። አያቷ በጉተታ፣ እኅቷ በዝምታ የሄዱበትን መንገድ አይታ «እኔስ አልሄድም» አለች። ለዚህ ቃል ከኮሪያ ምንም አልተበደረችም። ቃሉ የጎጃም ነው።

ጥቂት የደብረ ወርቅ ተማሪዎች