ጫጩቱ ታደለ፤ በሩስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ጓሮዋ ላይ ዶሮ የምታረባ እናት አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ የምታየው ይታወቃል፦ የተበተነ ላባ፣ ደም፣ አንገታቸው የተቀጠፈ አራት አምስት ቄቦች። የተበላው ከአንዷ ትንሽ ነው። ሌሎቹ ተገድለው ተትተዋል። ጎረቤት ይሰበሰባል። «ሸለምጥማጥ ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ የእነ እገሌ ድመት ናት» ይላል ሌላው። ሰፈሩ ከተማ ዳር ከሆነ ደግሞ ቀበሮም ይጠረጠራል።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ነገር አንዱ ይከተላል። ወይ «ዕድሌ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይ መርዝ ይፈለጋል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። አውሬው ያደረገው አውሬ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው። መጠየቅ ያለበት የማይዘጋው በር ነው፤ ከበሩም በላይ ዶሮ አድሎ ስለ በሩ የማይጠይቀው አሠራር።

የሌማት ትሩፋት ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ሲደረግ የያዘው ሐሳብ የሚናቅ አልነበረም። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ማር በየቤቱ እንዲመረት፣ ልጆች እንቁላል እንዲበሉ፣ እናቶች ከጓሮአቸው የራሳቸው ገቢ እንዲኖራቸው ማሰብ መልካም ነው። ለበዓል አንድ ዶሮ ከ1 ሺህ ብር በላይ በሚጠራበት ከተማ ደግሞ ጉዳዩ ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ የሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። በዜና የሚሰማው «ለዚህን ያህል አባወራዎች ይህን ያህል ሺህ የ45 ቀን ጫጩት ተሰራጨ» የሚል ነው። ካርቶኑ ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጭብጨባ ይከተላል። ከስድስት ወር በኋላ ከእነዚያ ጫጩቶች ስንቱ በሕይወት አሉ? ስንቱ እንቁላል ጣሉ? ስንቱን ፈንግል ጨረሰ፣ ስንቱን ሸለምጥማጥ ወሰደ? ይህ ቁጥር እንደ መጀመሪያው በየዜናው አይነበብም። የተሰጠን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት የሸለምጥማጥን እራትም እንደ ልማት ይመዘግባል።

የታደለችው ዶሮ የአያት ዶሮ አለመሆኗም ይረሳል። የሐበሻ ዶሮ ቀለሟ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል፣ ጭልፊት ስታይ ትሸሸጋለች፣ ሲመሽ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ ብትጠፋም ሌላዋ እንቁላል ታቅፋ ትተካለች። በዓመት የምትጥለው ግን ከ60 ብዙም አይበልጥም። ቦቫንስ ብራውንን የመሰለችው ጣይ በአንጻሩ በደህና መኖና አያያዝ ወደ 300 ትደርሳለች። ያንን የምትሰጠው ግን ሌላውን አጥታ ነው። ከማስፈልፈያ መሣሪያ የወጣች፣ እናት ያላስተማረቻት፣ አደጋን የማትለይ ናት። አታቅፍም። ከሞተች የሚተካት ሌላ ጫጩት በገንዘብ ተገዝቶ ነው። እንዲህ ያለችን ዶሮ እንደ ሐበሻ ዶሮ «ራሷን ታውቃለች» ብሎ ጓሮ መልቀቅ የእጅን ብር ሜዳ ላይ አስጥቶ እንደ መተኛት ነው።

ኪሳራውን ማስላት ቀላል ነው። አንዲት የ45 ቀን ጫጩት እንቁላል መጣል እስክትጀምር ድረስ 5 ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች። አምስት ዶሮ ሩብ ኩንታል ማለት ነው። ሸለምጥማጥ እንቁላሉ ሊጀምር ሲል ወይም በጀመረ ሰሞን ሊመጣ ይችላል። እናትየዋ ወራት ሙሉ የከፈለችው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት «ዶሮ አይሆነኝም» ትላለች፤ ባለሙያው ደግሞ «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር አለበት» ብሎ ይጽፋል። የግንዛቤ ችግር ካለ በመጀመሪያ ያለው ጫጩቱን ያለ ቤት ባስረከበው ዘንድ ነው።

ለምን ሁሉንም ይገድላል የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያናድዳል። «ለመብላት ቢሆን አንዷ አትበቃውም?» ይባላል። ዱር ውስጥ አውሬው አንዷን ሲይዝ ሌሎቹ በረው ያመልጣሉ። ጠባብ ቤት ውስጥ ግን መውጫ የለም። ዶሮ በጨለማ እምብዛም አታይም፤ ያለችበት ትቀመጣለች ወይም በድንጋጤ ትንደፋደፋለች። የሚንደፋደፍ ነገር ሁሉ አውሬውን ደግሞ ደጋግሞ እንዲነክስ ይቀሰቅሰዋል። የለንደን ቀበሮም የአዲስ አበባ ሸለምጥማጥም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ክፋት የሚባል ነገር የለበትም።

መርዝን በተመለከተ በግልጽ መነገር አለበት። ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ አጥር ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ማን እንደሚበላው አይመርጥም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። ድመት ይበላዋል። ሕፃን ሊነካው ይችላል። የሞተውን ደግሞ ጅብና ጥንብ አንሳ ይበሉታል። ከኢትዮጵያ ጥንብ አንሳዎች አራቱ ዓይነት ዛሬ በዓለም አቀፍ መዝገብ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ከሚገድሏቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱም መርዝ ነው። እነዚህ ፍጥረታት ለከተማ ያለ ደሞዝ የሚሠሩ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የመቀሌ ጅቦች ብቻቸውን በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብ እንደሚያነሱ አስልቷል። ሸለምጥማጡ ራሱ ከዶሮ ይልቅ አዘውትሮ የሚበላው አይጥ ነው። እሱን ገድሎ አይጥ ማርባት ትርፉ ምንድን ነው?

ደግሞም መግደል አይሠራም። የእንግሊዝ ከተሞች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቀበሮ ገብቶባቸው ለዓመታት በማጥመድና በመግደል ሊያጠፉት ሞክረዋል። አንዱ ሲገደል ክፍት የሆነውን ቦታ ሌላው ወጣት ቀበሮ እየመጣ ስለያዘው አብዛኞቹ ማዘጋጃ ቤቶች ነገሩን ተዉት። ዛሬ እዚያ ዶሮ የሚያረባ ሰው የሚታመነው በሽቦና በመቀርቀሪያ ነው። ከኋላው ጫካ፣ ከሥሩ ወንዝና ቱቦ ባለው የአዲስ አበባ ሰፈርም አንዱ ሲሞት ሌላው መምጣቱ አይቀርም።

የሚሠራው ነገር ምስጢር አይደለም፣ ውድም አይደለም። ብዙዎች የሚገዙት ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳል እንጂ አውሬውን ከመግባት አያግድም፤ ውሻና ቀበሮ በጥርስ ይቀዱታል፣ በሰፊው ቀዳዳም እጅ ይገባል። የሚያስፈልገው በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ነው። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል፤ ስለዚህ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት፣ «ለአየር» ተብሎ የተተወው ቀዳዳ ሁሉ በዚሁ ሽቦ መሸፈን አለበት። ለሚቆፍር አውሬ ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት መውረድ ወይም ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ ተዘርግቶ በድንጋይ መጫን ይኖርበታል። ለጭልፊት ደግሞ ቀን የሚውሉበት ቦታ ከላይ መሸፈን አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሩ ነው። ድንጋይ የተደገፈበት በር በር አይደለም። መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ወደ ቆጥ ሲወጡ፣ በየቀኑ የሚዘጋው የታወቀ ሰውም ያስፈልገዋል። «ዛሬ ማን ዘጋ?» የሚል ጥያቄ የሚነሳበት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ማንም አልዘጋም ማለት ነው። አውሬው በየምሽቱ እየዞረ የሚሞክረውም ያቺን አንዲት ቀን ነው።

«ኬጅ ተሰጥቷል እኮ» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። የተሰጠባቸው ቦታዎች አሉ፣ ይህም ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ለአዳራሽ የተሠራ የሽቦ ኬጅ ደጅ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ዶሮዋን አያድናትም። በሽቦው ክፍተት እግሯን ወይም አንገቷን ስቦ የሚይዝ አውሬ ቤቱን መክፈት አያስፈልገውም። ኬጁ በግድግዳና በጠንካራ ሽቦ የተከለለ ሌላ ቤት ይፈልጋል።

«ድሃ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?» የሚለው መልስ ደግሞ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አጣና፣ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦና አንድ መቀርቀሪያ የአምስት ዶሮዎችን ያህል እንኳ ዋጋ ላይኖረው ይችላል። እሱንም ማግኘት የማትችል ቤተሰብ ካለች ለእሷ አሥር ጫጩት ከመስጠት አምስት ጫጩትና አንድ ቤት መስጠት ይሻላል። አምስቱ ይተርፋሉ፤ አሥሩ ግን ላይተርፉ ይችላሉ።

ስለዚህ ጫጩት የሚያድል ማንኛውም ወረዳ ከማደሉ በፊት ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ባለሙያው ጓሮው ድረስ ሄዶ የዶሮውን ቤት በዓይኑ ይይ፤ በሩን በእጁ ከፍቶ ይዝጋ። ቤት ከሌለ ጫጩቱ ይቆይ። ሁለተኛ፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ተመልሶ ያሉትን ይቁጠር፤ የጠፉትም በበሽታ ይሁን በአውሬ ይመዝግብ፤ ሪፖርቱም የተሰጠውንና የተረፈውን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። የፈንግል ክትባት የሚታሰበውን ያህል መቀርቀሪያም ይታሰብ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። በዚህ ከተማ ጠዋት ላባ እየለቀሙ ሸለምጥማጥን የሚረግሙ ብዙ ናቸው። ማታ ችቦ ይዞ የጎረቤቱን የዶሮ ቤት ቀዳዳ አብሮ የሚፈልግ ሰው ቢበዛ፣ ከመርዝም ከእርግማንም በላይ ዶሮ ያተርፍ ነበር።