«እማዬ፣ ይሄ ሳል መቼ ጀመረሽ?»

እናቴ ከጥቅምት ጀምሮ ስትስል ከረመች። አክታ የሌለው፣ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሳል። ቀን ቡና ስትቆላ አያስጨርሳትም፤ ሌሊት ጋቢዋን ተከናንባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ቤት ውስጥ ያልሞከርነው ነገር አልነበረም። ዳማከሴ ተጨምቆ ጠጣች፣ ዝንጅብል በማር ተፈላላት፣ ነጭ ሽንኩርት ተላጠላት። ጎረቤታችን ደግሞ «አቧራው ነው፤ መንገዱ ከተቆፈረ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ እየሳለ አይደል?» አሉን። መንገዱ እውነትም ተቆፍሮ ስለነበር አመንናቸው። በኋላ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። የደረት ራጅ ተነሣች፣ ደም ሰጠች፣ «ሳንባዋ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። ሽሮፑ አለቀ፤ ሳሉ አላለቀም።

የነገሩን ጫፍ የያዘችው ቨርጂኒያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። ጥር ውስጥ አንድ እሑድ ማታ እንደ ልማዷ ደውላ ከአያቷ ጋር ስታወራ፣ ሳሉ ሦስት ጊዜ ወሬያቸውን አቋረጠው። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን።

«እማዬ፣ ይሄ ሳል መቼ ጀመረሽ?»

«ተይው ልጄ፣ ብርድ ነው።»

«ብርድ ይሁን፤ መቼ ጀመረሽ? የምትወስጅው መድኃኒት አለ? ስሙን ታውቂዋለሽ? እሱንስ መቼ ጀመርሽው?»

የልጅቷ ድምፅ ተለወጠብን። የልጅ ልጅ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት ድምፅ ሆነ። እናቴም ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞር አለችና «ምን አጥፍቼ ነው?» በሚል ዓይን አየችኝ።

ልጅቷ እዚህ ሳለች ነርስ ነበረች። እዚያ ደግሞ ከቤቷ ሆና ስልክ ታነሣለች። ለረጅም ጊዜ «ስልክ ማንሣት» የሚለውን ሥራ እንደ ዝቅ ያለ ነገር አይተነው፣ በሆዳችን አዝነንላት ነበር። ሥራዋ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ከዚያ እሑድ በኋላ ነው። በየመድኃኒቱ ካርቶንና ውስጡ ባለችው በብዙ እጥፋት በታጠፈች ወረቀት ላይ የስልክ ቁጥር አለ አይደል? አሜሪካ ውስጥ ያንን ቁጥር የደወለ ሰው መድኃኒቱን የሠራውን ኩባንያ ያገኘ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያነሣው ኩባንያው ራሱ አይደለም። ኩባንያዎቹ ይህን ሥራ በኮንትራት ለሌላ ድርጅት ይሰጡታል፤ የኮንትራት ድርጅቱ ደግሞ እንደ እሷ ያሉትን ይቀጥራል። ጠዋት በአንዱ ኩባንያ ስም «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ከሰዓት በሌላው ስም። የሁለቱንም ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚደውለው ለሌላ ጉዳይ ነው። የዋጋ ቅናሽ ካርዱ አልሠራ ብሎት፣ የመርፌው መውጊያ ተጣብቆበት፣ መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ረስቶ። በወሬ መካከል ግን አንዲት አሮጊት «ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን ያዞረኛል፤ ትናንት መታጠቢያ ቤት ወደቅሁ» ይላሉ፤ ከዚያም ወደ ካርዳቸው ጉዳይ ይመለሳሉ። ልጅቷ የምትከፈለው ያችን ዓረፍተ ነገር እንዳታመልጣት ነው። ካርዱን ትተዋለች፤ ትጠይቃለች። አራት ነገር መያዝ አለበት፤ ታማሚው ማን ነው፣ የሚናገረው ማን ነው፣ መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ምን ሆነ። እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ሪፖርት ነው። ቢቻል ካርቶኑ ላይ ያለው ባች ቁጥርም ይጨመራል። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ኩባንያው የደኅንነት ክፍል ማስተላለፍ አለባት። ነገሩ ከባድ ከሆነ፣ ማለትም ሰው ከሞተ፣ ሆስፒታል ከተኛ፣ ለሕይወቱ ካሠጋ፣ እንዲሁም በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ቀድሞ ያልተጻፈ ከሆነ፣ ኩባንያው በ15 ቀን ውስጥ ለአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲያሳውቅ ሕጉ ያስገድደዋል።

እኔን የገረመኝ «ጉዳት» ተብሎ የሚጻፈው ነገር ስፋቱ ነው። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ያለም ይጻፋል። «ልጄ ከቦርሳዬ አውጥቶ ሁለት ክኒን ዋጠ» ያለችም ትጻፋለች። ሳታውቅ አርግዛ ስትወስድ የቆየችም እንዲሁ። ሥራ ላይ ባትሆንም ግዴታው አይቀርላትም፤ አንድ ጊዜ ክርስትና ቤት አጠገቧ የተቀመጡ ሰው ስለ ሆዳቸው ሲያጫውቷት፣ መድኃኒቱ እሷ ከምታነሣላቸው የአንዱ ሆኖ ተገኘና ዶሮ ወጡን አስቀምጣ ስትጠይቃቸው አመሸች። የሰውየውንም የመድኃኒቱንም ስም ግን አልነገረችንም። በዚህ ነገር አትቀልድም።

«ታዲያ ነርስ አይደለሽ፣ ይሄን አቁሙ፣ ያንን ውሰዱ ብለሽ አትመክሪያቸውም?» አልኳት።

«አልችልም፣ አጎቴ። ሐኪምዎን ያነጋግሩ እላለሁ፣ እጽፋለሁ። በቃ። አንዳንዱ ቀን አፌን ይበላኛል።»

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ፤ አሁንም አልተዋጠልኝም። መድኃኒቱን የሚሸጠው ራሱ፣ ስለ መድኃኒቱ የሚቀርበውን ስሞታ ሰሚውን ይቀጥራል፣ ደመወዙንም ይከፍላል። ነገሩን ለማለዘብ ማን ይከለክለዋል? ስነግራት አልተቆጣችም። ንግግሩ ሁሉ እንደሚቀዳ፣ ቅጂውን የሚሰሙ ተቆጣጣሪዎች እንዳሉ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትጽፍ ብታልፍ እንደምትጠየቅ ነገረችኝ። ሐኪሙም ሆነ ታማሚው በቀጥታ ለመንግሥት መንገር የሚችልበት ሌላ በር እንዳለም ጨመረች። ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከሁለቱ በር ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ መጻፍ ከየት እንደመጣ በዕድሜ የገፋን እናስታውሰው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ገበያ ላይ ዋለ። እርጉዞች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት መወለድ ጀመሩ። በ1961 አንድ አውስትራሊያዊና አንድ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ዊሊያም ማክብራይድና ቪዱኪንድ ሌንትስ፣ በየፊናቸው ነገሩን ከመድኃኒቱ ጋር እስኪያገናኙት ድረስ እያንዳንዷ እናት ጉዳቱን የራሷ ዕጣ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ከ10,000 በላይ ሕፃናት እንደተጎዱ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከየአገሩ የሚመጣውን ሪፖርት አንድ ላይ የሚያሰባስበውን ፕሮግራም በ1968 የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መረጃው ዛሬ ስዊድን፣ ኡፕሳላ ላይ ይጠራቀማል፤ እኛም ከ2008 ጀምሮ አባል ነን።

ወደ እናቴ ልመለስ። የምትወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ነበር፤ የጀመረችው መስከረም ላይ፣ ሳሉ የመጣው ጥቅምት ላይ። ደረቅ ሳል የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት የታወቀ ጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ታዲያ ክሊኒኩ ለምን አላወቀውም? ሌላ የምትወስጅው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት «ለሳል የሄድኩበት ሰውዬ ስለ ግፊቴ ምን አገባው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እኔስ አጠገቧ ቆሜ አልነበር?

ልጅቷ ባች ቁጥር ስትጠይቅ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ካርቶኑ የለም፤ «ቦታ ይይዛል» ተብሎ ተጥሏል። እናቴ ክኒኑን በመቀስ እየቆራረጠች በመሐረብ ቋጥራ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ቁጥሩ ያለበትን ጫፍ በትክክል ቆርጣ ጥላዋለች። ከዚያ ላይ ዐሥሩን ለጎረቤታችን አበድራ ነበር፤ ለዚያው ለአቧራው ባለቤት። ሴትየዋም ይስላሉ፤ የእሳቸው በአቧራው ይሁን በብድሩ እግዜር ይወቀው።

የልጅ ሽሮፕ ያላችሁ ወላጆች ስለዚህች ቁጥር ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሞቱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጥርጣሬው መርዛማ ኬሚካል የተገኘባቸው የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ላይ መሆኑን አስታወቀ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የትኛው ጠርሙስ መጥፎ እንደሆነ የሚለየው ያች ቁጥር ናት። ልጁ እስኪድን ጠርሙሱን ከነካርቶኑ አትጣሉት።

በነጋታው እናቴን ግፊቷን ወደሚከታተሉላት ሐኪም ወሰድኳት። በራሷ እንዳታቆም ልጅቷ አስጠንቅቃን ስለነበር ያን ጠዋትም ክኒኗን ውጣለች። ሐኪሙ ታሪኩን ሰምተው ወደ አምሎዲፒን ቀየሩላት። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ደግሞ ከመሳቢያው ቢጫ ቅጽ አወጣ። እኛም አገር እንዲህ ያለ ቅጽ መኖሩን በዚህ ዕድሜዬ ያን ዕለት አየሁ። የጤና ባለሙያ ሞልቶ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልከዋል፤ በ8482 ነፃ የስልክ መስመርም መናገር ይቻላል። «የታወቀ ነገር ከሆነ ምን ያደርጋል?» ብለው፣ «ከመቶ ሰው ስንቱ ላይ እንደሚደርስ በወረቀት ላይ ያለው የሌላ አገር ሰው ነው» አለኝና መጻፉን ቀጠለ።

እናቴ ግን አንገቷን ደፍታለች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ተጠግታ «ዶክተሩን መክሰስ ነው እንዴ? እሳቸው እኮ ጥሩ ሰው ናቸው» አለችኝ። አራት ወር ሙሉ ዝም ያሰኛት ለካ ብርድ ነው ብላ ማመኗ ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱን ማማት ያዘዙላትን ሰው ማማት መስሎ ታይቷታል። ፋርማሲስቱ ሰማት። ብዕሩን አስቀመጠና «እማማ፣ እዚህ ላይ የሐኪም ጥፋት የሚል መጠይቅ የለም። የእርስዎም ሙሉ ስም አይጻፍም» ብሎ ቅጹን አዙሮ አሳያት። ማንበብ ትችላለች፤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

ሳሉ በሦስተኛው ሳምንት ተወት አደረጋት። አሁን ካርቶኑ ሳይቀደድ ከቡና ቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጧል፤ የጀመረችበትን ቀንም በራሷ እጅ ጽፋበታለች።

ባለፈው እሑድ ልጅቷ ደወለች። ስለ ሠርግ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ በረዶው ብዙ ካወሩ በኋላ እናቴ ጉሮሮዋን ጠራርጋ «እኔ የምልሽ ልጄ፣ ቁርጭምጭሚቴን ትንሽ ያሳብጠኛል» አለች። ከቨርጂኒያ በኩል ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ልጅቷ ገና አፏን ሳትከፍት እናቴ ቀጠለች።

«የካቲት 12 ጀመረኝ። ሁለቱንም እግሬን ነው። ማታ ማታ ይብሳል። ካርቶኑን ላምጣልሽ?»