«ድናለች» የሚል ወረቀት ማምጣት አልችልም

ይድረስ ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር፣
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሙስካት፣ ሩዊ ውስጥ ከምሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከቀትር በኋላ በሩን ዘግተን እናርፋለን፤ አመሻሽ ላይ እስክንከፍት ያለው ጊዜ የኔ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬም ራሴን የምቆጥረው ተማሪ አድርጌ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር ውኃ ጥም ያዘኝ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እየተነሳሁ እጠጣለሁ፣ ልብሴም ሰፋኝ። ጓደኞቼ ጥናት ነው ያከሳት አሉ። አንድ ጠዋት ራሴን ስቼ ሆስፒታል ገባሁ፤ ዓይነት አንድ ስኳር ነው ተባልኩ። ቆሽቴ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል፤ ዕድሜ ልኬን በመርፌ እወስዳለሁ ማለት ነው። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ መርፌዬን ሳላቋርጥ ሄድኩ፣ ልቤም አረፈ።

ከሆስፒታል ወጥቼ ስድስት ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ ሞከርኩ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ዶርም ማቀዝቀዣ የለም። ከግቢ ውጭ ያለች አንዲት ባለሱቅ ከአምቦ ውኃው ጎን አስቀመጠችልኝ፤ ሱቋ ሲዘጋ መድኃኒቴም አብሮ ይዘጋል። ካፌ እራት በጊዜ ያበቃል፣ ምግብ ይዞ መውጣትም አይፈቀድም ነበር። አንድ ሌሊት በስምንት ሰዓት ስኳሬ ወርዶ ስንቀጠቀጥ የዶርሜ ልጅ የሻይ ስኳር በማንኪያ አጎረሰችኝ። እሷ ባትነቃ ኖሮ ዛሬ አልጽፍልዎም ነበር። ተመልሼ ሆስፒታል ተኛሁ፤ ተኝቼ ሳለሁ የዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ) ቅጽ መሙያው ቀን አለፈ።

በሚቀጥለው ዓመት ሬጅስትራር ሄድኩ። ያስተናገዱኝ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። የሐኪሙን ማስረጃ አንብበው ግን «ይሄ መታመምሽን ነው የሚለው፤ ለመመለስ መዳንሽን የሚገልጽ ያስፈልጋል» አሉኝ። ወደ ሐኪሜ ተመለስኩ። «ታዲያ ውሸት ልጻፍልሽ?» አለኝ። ትምህርቴ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲውን በስም አልጠራም። የሬጅስትራሩ ሰው የተከተሉት የመልሶ ቅበላ ቅጹን ነው፤ ቅጹም ሲዘጋጅ የታሰበው እግሩ ተሰብሮ በጄሶ የከረመ ወይም ታይፎይድ ይዞት የተነሳ ልጅ ይመስለኛል። ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም ሉፐስ ላለበት ተማሪ ግን ሐኪም እውነቱን ከጻፈ ሊጽፍ የሚችለው «ሕክምናውን እየተከታተለ መማር ይችላል» ብሎ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ ይህ ዓረፍተ ነገር በየዩኒቨርሲቲው የመልሶ ቅበላ ደንብ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ነው።

እህቴ ናት ሙስካት ያስመጣችኝ። የቀጠረችኝ ኦማናዊት ሕመሜን ስነግራት ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ መድኃኒትሽ የት ይቀመጥ? በስንት ሰዓት ትበያለሽ? የማቀዝቀዣዋን የላይኛውን መደርደሪያ ለቀቀችልኝ። በረመዳን እሷ ጾማ እየዋለች፣ ሰዓቴ ሲደርስ ወደ ጓሮ ክፍል ገብቼ እንድበላ የምታስታውሰኝ እሷው ናት። ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ አንድም ቀን ሥራ ላይ አልወደቅኩም። ደንበኛ በበዛበት ቀን እንኳ ለምሳዬ የምትሰጠኝ ሩብ ሰዓት ቀርታ አታውቅም። እዚያ ግቢ የጎደለኝ ይህችው ሩብ ሰዓትና ያ መደርደሪያ ነበር።

እህቴ ዘንድ አል ኾድ ስሄድ የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲን አልፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 በዚህ አገር የነበሩት ሦስት ትምህርት ቤቶችና 900 ገደማ ወንድ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲው የተከፈተው በ1986 ነው። አሁን ደጃፉ ላይ ሴት ልጆች መጽሐፋቸውን ታቅፈው ሳይ ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጃችንን የከፈትነው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ያን ያህል ቀድመን ጀምረን አንድ ቅጽ ማስተካከል አያቅተንም።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርት ከሌሎች እኩል፣ ከተገቢ ማመቻቸት ጋር እንዲሰጥ ያዛል። እንደኔ ያለው በዚያ ውስጥ ይቆጠራል አይቆጠርም ብለው የሕግ ሰዎች ይከራከሩ ይሆናል። እኔ ግን መድኃኒቴን የማኖርበት ማቀዝቀዣ ለመጠየቅ ሌላ ስም ሊወጣልኝ ይገባል ብዬ አላምንም።

ቀሪው ልመናዬ አጭር ነው። የግቢ ክሊኒኮች ለተማሪ መድኃኒት የሚሆን ማቀዝቀዣ ይመድቡ። ሐኪም ያዘዘለት ተማሪ በሴሚስተር ጥቂት ኮርስ ወስዶ ዘግይቶ ቢመረቅ ይፈቀድለት። እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ይጠብቀኛል፤ የስኳር መለኪያዬና ሁለት ከረሜላ ከስልክ ጋር ተቆጥረው በር ላይ እንዳይቀሩብኝ። ማመልከቻውንም ከውጭ አገር ሆነን መላክ እንድንችል ይደረግልን፤ በየዓረብ አገሩ ጓዳ ሴሚስተር ያቋረጡ ብዙ እህቶች አሉ፤ አንዲት ማመልከቻ ለማስገባት ሥራ ለቆ አዲስ አበባ መምጣት ለማናችንም አይቻልም።

ኮንትራቴ በመጪው መጋቢት ያልቃል። የድሮው የተማሪ መታወቂያዬ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሐኪሜ እውነተኛውን ወረቀት ሊጽፍልኝ ፈቃደኛ ነው፤ በየትኛው መስኮት እንደማስገባው ይንገሩኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
ሩዊ፣ ሙስካት