የትኛው ኮሌጅ ይሻለዋል?

ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰላቸው ወላጆች «የትኛው ኮሌጅ ይሻለዋል?» ሲሉን ምን እንመልስ? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ ማዕከልን ከፈቱ። ልጅ ግን ያድጋል፤ ኮሌጅም ያምረዋል። ሆሳዕናችን መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናትና ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

በእኛ አስተያየት ሕንፃ ማየት ብቻውን ዋጋ የለውም። የፈተና ክፍል ሲለወጥ ቀድሞ የሚነግረው ሰው አለ ወይ? ጫጫታ ሲበዛበት ገለል የሚልበትስ? መኝታ ክፍሉ ስንት ሰው ይይዛል? ይሄ ይጠየቅ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰላምታ ያልመለሰውን «ኩራተኛ» እያልን የምንስቅበት እኛው ተማሪዎቹ ነን፤ ይህን ደግሞ ሬጅስትራር አይነግራቸውም። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ልጁ ራሱ መጥቶ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ይዋል፤ አይቶን ይምረጥ።