ቅቤው ለአተካና ይሁን

የዛሬው ጥያቄ ከቦኖሻ ነው። የአንዲት አያት የልጅ ልጅ ባለፈው ያሆዴ፣ ለአተካና በተጣደ ቅቤ ክንዷ ተቃጥሎ ጠባሳ ጥሎባታል። «እናቷ ሎሚ ልቀባት ትላለች፤ ምን ይሻላል?» ይሉኛል።

እማማ፣ ሎሚው ይቅር። ቆዳ ያቆጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይባስ ያጠቁራል። ያነጣል የሚባለው ክሬምም ይቅር፤ አንዳንዱ ስቴሮይድ አለበት፣ ቆዳ ያሳሳል። ቁስሉ ፈጽሞ ከተዘጋ በቀን ሁለት ሦስቴ ቫዝሊን ቀብተው በጣትዎ ጫን እያደረጉ ይሹላት። ውጭ ስትወጣ ክንዷን ፀሐይ አያግኘው፣ እጅጌው ረዘም ያለ ልብስ ያልብሷት። የቃጠሎ ጠባሳ እስኪለሰልስ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አላታልልዎትም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን መልኩ አይደለም። ክርኗን እስከ መጨረሻው ትዘረጋለች? መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ጠባሳ ይኮማተርና እጅ እንደታጠፈ ሊያስቀር ይችላል። መዘርጋት ካቃታት ሳይውል ሳያድር ሆሳዕና፣ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይውሰዷት። ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ እያበጠ ከሄደም እንዲሁ፤ ኬሎይድ ይሆናል። እሱን ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ መልሶ ያበቅለዋል።

ለሌሎቻችሁም፦ ልጅ ሲቃጠል ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። በረዶ አይሁን። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይንካው፤ ሙቀቱን አፍነው ያቆዩታል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ።